ከሽቦው ወዲህና ወዲያ

ጅቡቲ ከተማን አፋሮች ጋቡቲ፣ ሶማሌዎች ጀቡቲ ይሏታል። በመሥሪያ ቤቶቿ በር ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ግን ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ነው፤ የ1992ቱ ሕገ መንግሥት መንግሥታዊ ቋንቋ ያደረገው እነዚህን ሁለቱን ነውና። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ አብዛኛው የከተማው ሰው "እዚህ ጋ ይወጋኛል" የሚልበት ቋንቋ ሌላ፣ ሐኪሙ ካርዱ ላይ የሚጽፍበት ቋንቋ ሌላ ነው። በአውስትራሊያ፣ ከ2015ቱ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ሪፖርት ወዲህ ደግሞ በካናዳ፣ የጤና ተሟጋቾች ስብሰባ ሲከፍቱ "የቆምንበት መሬት የእነ እገሌ ነው" ብለው ነባሩን ሕዝብ በስሙ መጥራት ለምደዋል። ጅቡቲ እንዲህ ያለ የስብሰባ ሥርዓት አልለመደባትም። ነገር ግን ባለመሬትን በስም መጥራት ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ከእሷ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል፤ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ያውም በአገር ስም ደረጃ፣ ተሞክሮባታልና። ሁለቱም ጊዜ ስሙ አንዱን ሲያስገባ ሌላውን አስወጣ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው፦ የባለመሬቱ ስም ለብቻው ሲቆም አጥር ይሆናል፤ ቁም ነገር የሚሆነው በጤና ጣቢያው ደጃፍ በሚነገረው ቋንቋና በሚገባው ሰው ዓይነት ሲገለጥ ነው። ይህን ለማየት ታሪኩን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

ከ1862 እስከ 1897፦ ውል በብር፣ ውል በጥበቃ

በመጋቢት 1862 ዲኒ አሕመድ አቡበከር የተባሉ የአፋር መልእክተኛ ፓሪስ ላይ ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተፈራረሙ፤ ኦቦክና አካባቢዋ በ10,000 ማርትሬዛ ብር ለፈረንሳይ ሆነ። ውሉ የተጻፈው መሬት እንደ ከብት ይሸጣል ይለወጣል ብሎ በሚያምን ወገን አእምሮ ነው። በአፋር ዘንድ ግን ግጦሹም የውሃ ጉድጓዱም የጎሳው እንጂ የፈራሚው የግል ሀብት አልነበረም። ፈረንሳይ ለ20 ዓመት ያህል ቦታውን ብዙም ሳትነካው ቆየች፤ ከዚያ በ1884 ሌዎንስ ላጋርድ መጣና በዚያው ዓመት ከታጁራ ሱልጣን ጋር፣ በመጋቢት 1885 ደግሞ ከሶማሌዎቹ ወገን ከኢሳ ጎሳ ሽማግሌዎች ጋር ውል አሰረ። የኢሳዎቹ ውል እንደ ኦቦኩ ሽያጭ አልነበረም፤ መንፈሱ ፈረንሳይ ከሌላ ባዕድ እንድትጠብቃቸው የሚል ነበር። ሁለት ሕዝቦች፣ ሁለት ዓይነት ውል ማለት ነው። ፈረንሳይ ግን ሁለቱንም በአንድ መዝገብ ላይ "የእኔ" ብላ አሰፈረች።

ከሰሜኑ ኦቦክ ወደ ደቡቡ ልሳነ ምድር የተሻገሩት ወደው አልነበረም። የኦቦክ መልሕቅ መጣያ ለነፋስ የተጋለጠ ነው። ጅቡቲ ግን ለሐረር የሲራራ ንግድ መንገድ ይቀርባል፤ ከሁሉም በላይ አጠገቡ አምቡሊ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ኖሮ ዝናብ በጣለ ቀን የሚደነፋ፣ ከሥሩ ግን ጣፋጭ ውሃ የሚቆፈርበት ሸለቆ። ከተማዋ የተተከለችው በዚህ ውሃ ምክንያት ነው፤ አምቡሊ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይመጣልና አንባቢ ስሙን ይያዝልኝ። በ1896 ግዛቱ "የፈረንሳይ የሶማሌዎች ጠረፍ" ተባለ። መጀመሪያ መሬት የፈረሙት አፋሮች ነበሩ፤ ስሙ ውስጥ ግን የሉም። በዓመቱ ዐፄ ምኒልክና ላጋርድ ድንበሩን ተዋዋሉ፤ በዚያ መስመር ላይ ግመሉን የሚነዳው አርብቶ አደር አስተያየቱን የጠየቀው አልነበረም፤ አፋርም ሆነ ኢሳ።

ከ1897 እስከ 1958፦ ሐዲድና በቁጥር የሚጠሩ ሰፈሮች

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ዘመን የታወቀ ነው፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ለገሃርም ስሙን ከዚያው ባቡር ወሰደ። ብዙም ያልተነገረው የሐዲዱ ሌላኛው ጫፍ እንዴት እንደተከፋፈለ ነው። ኮራሉ ከፍ ያለባቸውና ነፋስ የሚያገኙት ኮረብቶች የአውሮፓውያን መኖሪያና መሥሪያ ቤት ሆኑ። ዝቅ ያለው፣ ጨዋማውና ጎርፍ የሚተኛበት መሬት ለአገሬው ተተወ፤ ሶማሌዎች "መጋላ" ማለትም "ከተማ" የሚሉት እሱን ነው። አስተዳደሩ ግን ስም አላወጣለትም፤ ከ1 እስከ 7 ቁጥር ሰጠው። ዛሬም "ካርትዬ 2 ነው የምኖረው" የሚል ሰው ይህን ቁጥር ወርሶ ነው። በቅኝ ገዢው ሕግ ወረቀት ያልወጣለት መሬት ባለቤት የሌለው፣ ስለዚህም የመንግሥት ነበር፤ የቁጥር ሰፈሮች ሰውም በእጁ የሚይዘው "ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ" ነበር። አያቱ ግመል ያጠጣበት ቦታ ላይ ጊዜያዊ መሆን ማለት ይህ ነው።

ጤናውም በዚሁ ካርታ ሄደ። የወደብ ከተማ ሐኪም ቀዳሚ ጭንቀቱ መርከብ ይዞት የሚመጣው ወረርሽኝና የወታደሩ ጤና ነው። ዛሬ ፔልቲዬ የሚባለው ዋናው ሆስፒታል የዚያ ዘመን ቅርስ ነው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት የዘመናዊ ሕክምና መግቢያ በር እሱ ነበር፤ በሩ ላይም የሚነገረው ፈረንሳይኛ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ ፈረንሳይ ባትመጣ ሆስፒታሉም አይኖርም ነበር የሚል። ይሁን። የክርክሩ ጉዳይ ግን ሆስፒታሉ መኖሩ ሳይሆን ለማን ተብሎ እንደተተከለ ነው፤ ለወደቡ ተብሎ የተተከለ ሕክምና አገሬውን የሚያየው የበሽታ ምንጭ አድርጎ ነውና። ይህ አስተያየት በ1966 የሽቦ ቅርጽ ያዘ።

ከ1966 እስከ 1977፦ ሽቦው

በነሐሴ 1966 ፕሬዚዳንት ደጎል ጅቡቲን ሲጎበኙ የነፃነት መፈክር የያዘ ሕዝብ ተቀበላቸው፤ ግጭት ተነሣ፤ ሰው ሞተ። ፓሪስ ነገሩን በሕዝበ ውሳኔ ልትቋጨው ቆረጠች፤ መጋቢት 19 ቀን 1967 60 በመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጪ ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን መረጠ ተባለ። ከድምፁ ይልቅ ድምፁን ማን እንደሰጠ ነበር ክርክሩ። ነፃነትን በብዛት የሚደግፉት ሶማሌዎች ነበሩ፤ መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ ደግሞ የአገሬው ተወላጅ መሆንን ማሳየት ያስፈልግ ነበር። ወረቀት የሌለው ሶማሌ "ባዕድ" ሆነ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ተሰብስበው ከግዛቱ ተባረሩ።

ያን ጊዜ ነው ከተማው ዙሪያውን የታጠረው። ሰዎች እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛው ቃል "ባራዥ" ይሉታል፤ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም እሾሃማ ሽቦ፣ የጥበቃ ማማና ፈንጂ ያለበት፣ ልሳነ ምድሩን ከየብሱ የሚቆርጥ። በፍተሻ ኬላ ካልሆነ የሚታለፍ አልነበረም፤ በሌሊት ሊሾልኩ ሲሞክሩ የሞቱም አሉ። ከውጭ በኩል፣ መግባት የተከለከለው ሰው በቆርቆሮና በጣውላ ጎጆ እየቀለሰ ሰፈረ፤ ባልባላ የሚባለው ሰፈር የተወለደው እንዲህ ነው። ሥራው ሽቦው ውስጥ ነው፣ ገበያው ሽቦው ውስጥ ነው፣ ሆስፒታሉም ሽቦው ውስጥ ነው። ባልባላ ያለች ምጥ የያዛት ሴት በርቀት የከተማውን መብራት ታያለች፤ በእሷና በአዋላጇ መካከል ወታደር ቆሟል። በዚያ ላይ ከሽቦው ውጭ የተወለደ ሕፃን ነገ ተወላጅ መሆኑን የሚያስረዳበት ወረቀት አይኖረውም፤ ስለዚህ ሽቦው አንዱን ትውልድ ከሐኪም ከለከለ፣ ተከታዩን ደግሞ ከመዝገብ።

ስሙ የተቀየረው በዚያው ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። ከ1967 ጀምሮ ግዛቱ "የፈረንሳይ የአፋሮችና የኢሳዎች ግዛት" ተባለ። እውነት ለመናገር ለአፋሮች የዘገየ ፍትሕ ነበር፤ ከ1896 ጀምሮ በገዛ ምድራቸው ስማቸው አልነበረምና። ይህን ማቃለል ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ስሙን ያወጣው እጅ ሽቦውን የዘረጋው እጅ ነው። "ኢሳ" ሲባል "ሶማሌ" የሚለው ተቆረጠ፤ ሌሎቹ የሶማሌ ጎሳዎች ጋዳቡርሲውና ኢሳቁ፣ በከተማው ለትውልድ የኖረው የመንም፣ ከስሙ ውጭ ቀረ። ከሰሜን ለወደብ ሥራ የመጡት አፋሮች አርሂባ ሰፈሩ፤ የከተማው ሰፈሮችም በጎሳ ይበልጥ ተለያዩ። የነባር ሕዝብን ስም መጥራት በራሱ መልካም ነው የሚል ሰው 1967ን ማስረዳት አለበት። አፋሩ ስሙን አገኘ፤ የግጦሽ መሬቱ ሕግ ግን አልተለወጠም፤ ሐኪሙም አፋርኛ አልተማረም።

ከ1977 እስከ 1994፦ የማንንም ያልጠራ ስም

ሰኔ 27 ቀን 1977 ነፃነት ሲታወጅ ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶንና ጓዶቻቸው ለአገሪቱ የጎሳ ስም አልሰጡም፤ የከተማዋን ስም ሰጧት። ብልህ መፍትሔ ነበር፤ ማንንም ስለማይጠራ ማንንም አያስቀይምም። ሽቦው ትርጉሙን አጣ፤ ባልባላም በ1980ዎቹ በይፋ የከተማው አካል ሆነ፤ ዛሬ ትልቅ የነዋሪ ቁጥር ያለው እዚያ ነው። ከነፃነቱ በዓመቱ፣ በ1978፣ በአልማ አታ የወጣው የጤና አዋጅ ሕዝብ በራሱ ጤና ዕቅድና ሥራ የመሳተፍ መብትም ግዴታም አለው ብሎ ነበር፤ ሬዲዮው በሶማሊኛና በአፋርኛ መናገሩ ለዚህ ትልቁ መሣሪያ ሆነ። ነገር ግን ማንንም ያለመጥራት የራሱ ዕዳ አለበት። ሥልጣኑ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ የሚለው የአፋሮች ቅሬታ በ1991 ወደ ጦርነት ፈነዳ። በታኅሣሥ 1991 አርሂባ ውስጥ ሰላማዊ ሰዎች በጥይት ተገደሉ። ጦርነቱ በአብዛኛው በ1994ቱ ስምምነት ቆመ፤ የተራቆተው ካዝና ግን ሕክምናን በክፍያ አደረገው፤ ክፍያ ደግሞ ሽቦ ባይሆንም የሽቦን ሥራ ይሠራል።

ከ1995 እስከ 2009፦ ሕጉ፣ መድረኩና ፒኬ 12

በ1995 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 333 የሴት ልጅ ግርዛትን ከለከለ፤ 5 ዓመት እስራትና 1 ሚሊዮን የጅቡቲ ፍራንክ መቀጫ አስቀመጠ። ሕጉ ቢኖርም ለረጅም ዘመን ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረም፤ በ2006 በተደረገ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 93 በመቶው ተገርዘው ነበር። እዚህ ላይ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ይመጣል፦ የነባሩን ሕዝብ ባህል እናክብር ካልን፣ አፋሩም ሶማሌውም የሚጋሩትን "ፈርዖናዊ" የሚባለውን ግርዛት ምን እናድርገው? ለግርዛቱ ለሚሟገቱት ሰዎች ክልከላውን የፈረንጅ ትምህርት ብሎ መጣል ቀላል ነበር። መልሱን የሰጡት ከውጭ የመጡ ሰባኪዎች አልነበሩም። ከነፃነቱ ዓመት ጀምሮ የቆየው የጅቡቲ ሴቶች ብሔራዊ ኅብረት ጉዳዩን በሬዲዮው ቋንቋ፣ በእናቶችና በሃይማኖት መምህራን መካከል ወስዶ ተከራከረበት። በየካቲት 2005 ጅቡቲ ከተማ ላይ በተደረገ ጉባኤ ዑለማዎች እርስ በርስ በግልጽ ተከራከሩ፤ ሁሉም አልተስማሙም፤ አገሪቱ ግን ስለ አፍሪካ ሴቶች መብት የወጣውን የማፑቶ ፕሮቶኮል አጸደቀች። በ2009 ሕጉ ጠበቀ፤ አይቶ ዝም ያለም ተጠያቂ ሆነ። ነባርን ማክበር ማለት ልማዱን እንዳለ መዋጥ አይደለም፤ ልማዱን የመለወጥ ሥልጣን የባለቤቱ መሆኑን መቀበል ነው። ባህል የሚባለው ደግሞ የተገረዘችዋንም ቃል ይጨምራል።

በዚሁ ዘመን ሌላ በር ተፈተነ። ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ላይ ፒኬ 12 የሚባል የከባድ መኪና ማረፊያ አለ። የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ስለሚያልፍ፣ ጋላፊን አልፎ የሚመጣው ሹፌር ጭነት እስኪደርሰው ቀናት ያድራል። እሱን ተከትሎ ሻይ ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ፣ ጫቱ፣ ከደሴና ከድሬዳዋ የመጡት ሴቶችም ሰፈሩ። በ2002 የአገሪቱ የኤች አይ ቪ ስርጭት 2.9 በመቶ ሲገኝ፣ የጤና ሠራተኞች ዓይን ወደዚህ መንገድ ዳር ዞረ። የአፋርና የሶማሌ ስም እየጠሩ ብቻ የሚሠራ ሥራ አልነበረም፤ ምርመራውንም ምክሩንም በአማርኛ መስጠት ግድ ሆነ፤ ሹፌሩ በማያውቀው ቋንቋ ደሙን አይሰጥማ።

ያን በር የሚዘጋ ነገር ወዲያው ተከተለ። በሐምሌ 2003 መንግሥት ወረቀት የሌላቸው የውጭ ዜጎች ሁሉ እንዲወጡ አዘዘ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን በጥቂት ሳምንታት ወጡ፤ የቀሩት አውር አውሳ በተባለ ቦታ በፀሐይ ተሰባስበው ውሳኔ ጠበቁ። ትእዛዙን የሚደግፉት ሰዎች ምክንያት ይሰማል፦ ለአገሬው ልጅ ያልበቃ አልጋ ለመጤ እንዴት ይበቃል? ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ጅቡቲ ድሃ አገር ናት፤ ባለመሬቱ ቀዳሚነት ይገባኛል ቢል ግፍ አይደለም። ነገር ግን በ1967 የተባረረው ሶማሌ ልጅ በ2003 አባራሪ መሆኑ ዘበት ሳይሆን የወረቀቱ አመክንዮ ነው፤ ወረቀት ጠይቆ የሚያስወጣ ሥርዓት የባለሥልጣኑ ጎሳ ቢለወጥም ሥራው አይለወጥም። ለጤናም ያተረፈው ነገር የለም፤ መድኃኒት የጀመረ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ መሐል ላይ ሲባረር በሽታው አብሮት አይጠፋም፤ መድኃኒት የማይበግረው ሆኖ ይመለሳል እንጂ።

ከ2012 ወዲህ፦ በርሜሉ

ቀጣዮቹ ዓመታት በሩን ከፈቱት። በ2014 ሁለንተናዊ የጤና መድን በሕግ ተቋቋመ፤ መክፈል ለማይችለው የድጋፍ ሥርዓት ተካተተ። በጥር 2017 የወጣው የስደተኞች ሕግ ደግሞ ስደተኛው እንደ ዜጋው ጤና ጣቢያ እንዲገባ ፈቀደ፤ በአሊ አዴ፣ በሆልሆልና በመርካዚ ካምፖች ላሉት ማለት ነው። ወረቀት ተሰጥቶ የሚያስገባ ሥርዓት በዚህ ከተማ ታሪክ አዲስ ነበር። በመንገድ የሚያልፈውን ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ግን ሕጉ አልደረሰበትም።

ትልቁ ፈተና ከዚያ በፊት ተፈልፍሎ ነበር። በ2012 አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ ወባ አስተላላፊ ትንኝ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በጅቡቲ ከተማ ነው። የገጠሯ ትንኝ ረግረግ ትፈልጋለች፤ ይህቺኛዋ ግን ከተሜ ናት፤ የሰገነት ታንከር፣ የግንባታ ጉድጓድ፣ የበረንዳ በርሜል ይበቃታል። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ሰው ነበር፤ በ2020 ቁጥሩ 73,535 ደረሰ። በርሜሉ የበዛው ውሃ በተራ ስለሚመጣ ነው፤ ውሃው በተራ የሚመጣው ደግሞ የአምቡሊ ጉድጓዶች ለጥቂት ሺህ ሰው የታሰቡ ስለነበሩ ነው። በ2013 ከኢትዮጵያ ጋር በተደረገ ስምምነት በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ውሃ ከአዲጋላ በቧንቧ እንዲመጣ ተወሰነ፤ አዲጋላ የኢሳዎች አገር ነው፤ በ1897 መስመር የተለየው ሕዝብ ውሃ ያንኑ መስመር ተሻግሮ ይፈሳል።

በግንቦት 2024 አምቡሊ ላይ የተለወጠ ዘር ያላቸው ትንኞች ተለቀቁ፤ ሴት ልጆቻቸው ከእንቁላል ወጥተው እንዳያድጉ የሚያደርጉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዩኔስኮ የኢሳዎችን በቃል የሚወርድ ሕግ፣ ሔር ኢሳን፣ ከኢትዮጵያ፣ ከጅቡቲና ከሶማሊያ በጋራ የቀረበ ቅርስ አድርጎ መዘገበ። ትንኙን በአንድ ሰፈር ላይ ለመልቀቅ የሰፈሩን ሰው ፈቃድ መጠየቅ ይገባል ካልን፣ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው እስኪስማሙ የሚመክሩበት ሥርዓት ከማንኛውም የስምምነት ፎርም የቀደመ መሣሪያ ነው። የተለቀቁት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ወንድ ትንኝ ሰው አይነክስም። ይህን በርሜሏን ከፍታ ለቆመች እናት ማስረዳት በፈረንሳይኛ ወረቀት አይሆንም፤ መጋላ ውስጥ ሶማሊኛ፣ አርሂባ ውስጥ አፋርኛ፣ ፒኬ 12 ደግሞ አማርኛ ይጠይቃል።